የኮርኒስ ጠርዝ ስትሠሩ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ግድግዳና ኮርኒስ ሲገናኙ ዙሪያውን የሚሠራው የጂፕሰም ጠርዝ ያላለቀ የሚመስለውን ሳሎን ሙሉ ያደርገዋል። ከተበላሸ ግን መደበቂያ የለውም። ሶፋ አይጋርደውም፣ መጋረጃ አይሸፍነውም። ፒያሳና አራት ኪሎ ባሉ አሮጌ ቤቶችም፣ ልደታ ኮንዶሚኒየምም የማየው ስህተት ያው ነው።

ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብሎ እርጥብ ጂፕሰም ላይ ቀለም መቀባት

ይሄኛው ያናድደኛል። በጋው ሙሉ ፀሐይ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቤቱን ማሳመር ትዝ የሚለው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነው። ለመስከረም 1 ይድረስልኝ ይላል።

ጂፕሰም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ጠነከረ ማለት ግን ደረቀ ማለት አይደለም። 10 ኪሎ ጂፕሰም ለመጠንከር የሚፈልገው 2 ሊትር የማይሞላ ውሃ ነው። እኛ ግን እንዲመቸን 6 እና 7 ሊትር እናደርግበታለን። ትርፉ ውሃ ተንኖ መውጣት አለበት። በክረምት ይሄ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ካዛንቺስ አካባቢ አንዲት እናት ጠርዙ በተለጠፈ ማግስት “ልጄ፣ እንግዳ አለብኝ፣ በቃ ቀባልኝ” አሉ። ቀቢው እሺ ብሎ የዘይት ቀለም ደረበበት። ለበዓሉ አማረ፣ እውነት ነው። መስቀል ሳያልፍ ግን ቀለሙ አበጠ። በጥፍር ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተላቀቀ። ሁሉም ተፍቆ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ተከፈለ። እሳቸውን አልወቅስም፤ በዓል ነው፣ እንግዳ አለ። “እትዬ፣ አልደረቀም” ማለት የነበረበት ባለሙያው ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ፌስታል ቆርጣችሁ ጠርዙ ላይ አድርጉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ሲነጋ ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ገና ነው። መስኮት ክፈቱና ጠብቁ። ቤት ዘግቶ ከሰል በማቀጣጠል ለማድረቅ የሚሞክርም አለ። ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል፤ በፍጹም እንዳታደርጉት።

በዓሉ ከደረሰ ደግሞ ሳትቀቡ ተዉት። ጂፕሰም ራሱ ነጭ ነው። ማን ያውቅባችኋል?

ባልዲ ሳያጥቡ ማቡካት

ጀማሪዎች “ጂፕሰሙ ብልሽት ነው፣ ገና ሳልለጥፈው ደረቀ” እያሉ ሻጩን ያማርራሉ። ባልዲውን ዞር አድርጌ አያለሁ። ጥግ ጥጉ ላይ የቅድሙ ጂፕሰም ደርቆ ተጣብቋል። ያ ፍርፋሪ አዲሱን ቡኮ ከተለመደው ቀድሞ ያጠነክረዋል። ሻጩ ምን አደረገ? ባልዲውንም ስፓቱላውንም በየቡኮው እጠቡ። ዱቄቱን ውሃው ላይ ነስንሱ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። መጠንከር ከጀመረ ደግሞ ውሃ ጨምራችሁ “ለማዳን” አትሞክሩ። ይለጠፋል፣ ግን ጥንካሬ አይኖረውም። ድፉት።

ማዕዘኑን 90 ዲግሪ ነው ብሎ ማመን

የእንጨት ጠርዝ የምትሠሩ ሰዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ጥግ ላይ የሚገናኙትን ሁለቱንም ጫፍ 45 ዲግሪ ቆርጦ ስንጥቁን በስቱኮ (በመድፈኛው ሊጥ) መሙላት ልማድ ሆኗል። ስቱኮው ሲደርቅ ይሰበሰብና ስንጥቁ ተመልሶ ብቅ ይላል። ልስኑ ወፍሮ ወይም ሳስቶ ማዕዘኑ 92 ዲግሪ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጫፍ 46 ነው የሚቆረጠው። መጀመሪያ በሁለት ቁራጭ ጣውላ ሞክሩ። ስትቆርጡ ኮርኒስ የሚነካው ጎን ወደ ታች ይሁን፤ ይሄን የረሳ ሰው አራት ሜትር እንጨት በአንድ መጋዝ ያበላሻል።

አሮጌ ጭቃ ቤት ከሆነ ውሃ ልክ ብቻውን አያዋጣም። ኮርኒሱ ራሱ ዘሟል። በውሃ ልክ ከሄዳችሁ አንዱ ጥግ ላይ ክፍተት አፉን ይከፍታል። ኮርኒሱን ከተከተላችሁ ጠርዙ ይጥመለመላል። ክር ወጥሩ፣ መሃል ላይ አስታርቁት፣ ከበር ቆማችሁ በዓይናችሁ ፍረዱ።

አቧራና የዘይት ቀለም ላይ መለጠፍ

አይይዝም። ፋቁ፣ በመሮ ጫር ጫር አድርጉ፣ ከዚያ ውሃ እርጩ። ደረቅ ግድግዳ የጂፕሰሙን ውሃ ይመጠውና ጠርዙ አንድ ሌሊት ራስ ላይ ይወርዳል። ከባዱን ጠርዝ ደግሞ በፊሸር (ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) እና በቪቴ (ብሎን) እሰሩት።

ፎም ላይ የዘይት ቀለም

ጠርዛችሁ ከፎም የተሠራ ከሆነ፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የቀጠነ ቀለም ፎሙን ይበላዋል። የውሃ ቀለም ብቻ።

ጣሪያው እያፈሰሰ ጠርዝ መሥራት

ምን ልበል? ቆርቆሮው ይጠገን። የድሮውን ቢጫ እድፍም በውሃ ቀለም ብቻ አትሸፍኑት፤ አልፎ ይወጣል። ቦታው ሲደርቅ መጀመሪያ የዘይት ቀለም ቅቡት።

ሁሉንም በወፍራም ቀለም መጨረስ

ጂፕሰም ውሃ ይጠጣል። የመጀመሪያውን የውሃ ቀለም ቀጠን አድርጉት። ወፍራም ቀለም ቅርጹ ውስጥ ይሞላና አበባው አበባ መሆኑ ይቀራል። ከሁለተኛው ቅብ በፊት ማታ አምፖል ከጎን አብሩበት። ቀን ያልታየው የስቱኮ ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። እሱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት።

ወርቃማ ቀለም ይጨመርበት የምትሉ አላችሁ። ቤቱ የእናንተ ነው። ግን አንድ መስመር ላይ ሞክሩትና ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ እዩት፤ ብዙዎቹ ደንበኞቼ በሳምንቱ በነጭ አስደፍነውታል።