ለትንንሽ ልጆች ስለ ነፍሳት እንዴት እናስተምር? ከጉንዳን እስከ ጧፍ

ከ4 እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ የብዙ ነፍሳትን ስም ከማስጠናት ይልቅ ሁለቱን በደንብ ማሳወቅ ይሻላል፤ ጉንዳንን በዓይኑ መርምሮ፣ ንብን ደግሞ በማሯና በሰሟ በኩል ይወቃት።

በመጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው ጉንዳን ሳያይ እንዲሥል ያድርጉ። ብዙ ልጆች እግሮቹን ከሆዱ ላይ ይቀጥሏቸዋል፤ አያርሟቸው። ቀጥሎ ስኳር በተነሰነሰበት ብርጭቆ ውስጥ አንድ ትንሽ የቤት ጉንዳን ያስገቡና (ገብረ ጉንዳን ስለሚናከስ ይቅር) በአጉሊ መነጽር ያሳዩት። ራሱን፣ ደረቱንና ሆዱን ለይቶ፣ ስድስቱም እግሮች ከደረቱ መውጣታቸውን ራሱ ሲደርስበት ሥዕሉን ያስተካክላል። በትምህርት ቤት ነፍሳት «ሦስት አጽቄ» የሚባሉት አካላቸው በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ስለተከፈለ መሆኑን ያን ጊዜ ይንገሩት። ስምንት እግር ያላት ሸረሪት ከዚህ ወገን አይደለችም። ጉንዳኑን ወደ መጣበት ይመልሱት።

ለንብ ትምህርት ልጅን ወደ ቀፎ ማስጠጋት አያስፈልግም፤ ከነሰፈፉ የተገዛ ማር ይበቃል። ሰፈፉ ላይ ካሉት ትንንሽ ቤቶች የአንዱን ጎን ይቁጠር፤ ስድስት ያገኛል። ለምን ክብ እንዳልሆነ ከጠየቀ፣ ሳንቲሞችን ጎን ለጎን ደርድሮ በመካከላቸው የሚቀረውን ባዶ ቦታ እንዲያይ ያድርጉ፤ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ግን ያለ ክፍተት ስለሚገጥሙ ንቧ ሰም አታባክንም። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ፣ ትል የምትመስል እጭ፣ ከዚያም በቤቷ ተዘግታ የምትለወጥ ሙሽሬ ሆና፣ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ 21 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ አብራችሁ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ሰፈፉን ያኝክ። ማሩ አልቆ አፉ ውስጥ የሚቀረው ድቡልቡል ነገር ሰም ነው። ሰሙን አጥባችሁ፣ በመዳፍ ሙቀት አለስልሳችሁ፣ በጥጥ ፈትል ላይ ስትጠቀልሉት ትንሽ ጧፍ ይወጣዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ከዚሁ ከንብ ሰም እንደሚሠራ የሚነገረውም እጁ እየሠራ ሳለ ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት፣ ስሙም ንቦች ንግሥናውን ማወቃቸውን እንደሚገልጽ የሚተረከውን አክሉለት፤ ነገር ግን ይህ ከአባቶች የተወረሰ ትረካ፣ የጉንዳኑ እግር ቁጥር ደግሞ ራሱ ቆጥሮ ያረጋገጠው መሆኑን ለይታችሁ ንገሩት። ሰምና ወርቅን ለቅኔ ዕድሜው ሲደርስ ያገኘዋል። ጧፉን የሚለኩሰው ግን ትልቅ ሰው ይሁን።