የድሮ የጦር ካሚዮን ዕቃ ኦሪጅናል መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ካሚዮን ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። በጦርነቱ ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ከአንዱ የተፈታው ለሌላው እየተገጠመ ነው የኖረው። ስለዚህ "ይህ መኪና ኦሪጅናል ነው ወይ?" ብሎ በጅምላ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ መርምሩ፤ ከዚያ የተሠሩበት ጊዜ እርስ በርሱ ይስማማ እንደሆነ እዩ።

ለምሳሌ የአሜሪካውን ባለ 2½ ቶን ጂኤምሲ ሲሲኬደብሊው ካሚዮን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ከ500,000 በላይ ተመርቷል።

መኪናውን ከመንካታችሁ በፊት መጽሐፉን ያዙ። የሠራዊቱ የጥገና መጽሐፍ ቲኤም 9-801 ነው፤ የመለዋወጫ ዝርዝሩ ደግሞ ጂ-508። መኪናችሁ ባለ ¾ ቶን ዶጅ ከሆነ ቲኤም 9-808 እና ጂ-502ን ፈልጉ። ሥዕሉና የዕቃ ቁጥሩ እዚያ አለ። ያለ እነሱ የምትሠሩት ሥራ ግምት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሜትር አውጡና ለኩ። ሲሲኬደብሊው በሁለት ርዝመት ነው የተሠራው። 352 የሚባለው አጭሩ 145 ኢንች (368 ሴ.ሜ. ገደማ)፣ 353 የሚባለው ረጅሙ 164 ኢንች (417 ሴ.ሜ. ገደማ) ነው። የሚለካው ከፊት አክስል መሃል እስከ ሁለቱ የኋላ አክስሎች መካከል ድረስ ነው። ልኬቱ ከሁለቱም ካልገጠመ ሻንሲው ተቆርጧል ወይም ተቀጥሏል ማለት ነው። የብየዳ ምልክት ፈልጉ።

አሁን የሻንሲ ቁጥሩን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የመረጃ ሰሌዳ ብቻ አትመኑ። አዲስ ተሠርታ ትሸጣለች፤ ከሌላ መኪና ነቅሎ መግጠምም ቀላል ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው ዋናው ማስረጃ። ብዙ ጊዜ በቀለምና በዝገት ተሸፍኖ ነው የምታገኙት። ቀለም ማስለቀቂያ ቀብታችሁ በሽቦ ብሩሽ በእጅ ቀስ እያላችሁ አጽዱት። ግራይንደር በፍጹም አታስጠጉ! ቁጥሩ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

እኔ በጣም የምወደው ሥራ ግን ሞተሩ ላይ ቀን መፈለግ ነው። የዚህ መኪና ሞተር በመስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች ያሉት፣ 270 ኪዩቢክ ኢንች (4.4 ሊትር ገደማ) ነው። የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ብረቱን ሲያፈሱ ቀኑን አብረው ያወጡበት ነበር። ፊደሉ ወሩን ይነግራችኋል፤ ኤ ጥር ነው፣ ቢ የካቲት፣ እንዲህ እያለ እስከ ኤል ታኅሣሥ። ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ይመጣል። "ዲ 15 3" የሚል ካገኛችሁ ሚያዝያ 15 ቀን 1943 ማለት ነው፤ ወሩም ቀኑም ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። ይህ ቀን መኪናው ከተሠራበት ጊዜ ትንሽ ቀደም ማለት አለበት። ከመኪናው ዘግይቶ የተፈሰሰ የሞተር ብሎክ ያለ ጥርጥር ተቀይሯል።

አክስሉን ለማየት መኪናው ሥር መግባት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው መሃል ለመሃል ለሁለት ተከፍሎ በቡሎን የተያያዘ ነው። ሌላኛው ቤቱ አንድ ወጥ ሆኖ መሃሉ ክብ ነው። ሁለቱም ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። አንዱ መኪና ላይ ተቀላቅለው ካገኛችኋቸው ግን የሆነ ጊዜ አንዱ ተለውጧል።

ኤሌክትሪኩን መመርመር ጊዜ አይወስድም። ሲሲኬደብሊው 6 ቮልት ነው። 12 ቮልት ካያችሁ በኋላ የተቀየረ ነው። 24 ቮልት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት የእነ ኤም35 ካሚዮኖች ነው። ጎማው 7.50-20 መሆን አለበት። ጋቢናው የላሜራም የሸራም ጣሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ፎርድ የሠራው ጂፕ ከሆነ በእጃችሁ ያለው፣ የቡሎኖቹን ራስ እዩ። ፎርድ "ኤፍ" የሚል ፊደል ያወጣባቸው ነበር። ሌላው አምራች ዊሊስ በሠራው ጂፕ ላይ ይህ የለም።

ቀለሙን ለመጨረሻ አቆዩት። የኮፈኑን ጎን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ቀለሙ ንብርብር በንብርብር ይገለጣል። የድሮው ወታደራዊ ቁጥር ከሥር ሊወጣ ይችላል። የአሜሪካ ጦር ባለ 2½ ቶን ካሚዮኖች ቁጥር በ4 ነው የሚጀምረው። ብቅ ሲል ወዲያው ፎቶ አንሱት፣ የፊደሎቹንም ቁመት ለኩ። መኪናውን በአሸዋ ለማስነፋት ካሰባችሁ፣ ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ጨርሱ።