የድሮ ስፖርት መኪና ሞተር ሲሞቅ ችግሩን እንዴት መፈለግ ይቻላል?

የድሮ ስፖርት መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ሌላው የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። ቀስቱ ከፍ ማለት ሲጀምር መካሪው ይበዛል። አንዱ ራዲያተሩን ቀይር ይላል። ሌላው ዋተር ፓምፑ ነው ይላል። ሦስተኛው ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተህ ጣለው ይላል። እናንተ ግን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው? ይህን በትክክል የመለሰ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

መንገድ ላይ እያላችሁ ከሞቀ

የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። እናንተን ቢያልባችሁም ሞተሩ ይተርፋል። ቀስቱ አልወርድ ካለ ጥግ ያዙና ሞተሩን አጥፉ። ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳትነኩት። ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም የማይፈላው ግፊት ስላለበት ነው። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ይለቃል፣ ውሃው በቅጽበት ይፈላል፣ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል።

የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ጨብጣችሁ መያዝ እስክትችሉና ስትጫኑት ለስላሳ እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ አድርጋችሁ ክዳኑን በትንሹ አዙሩ፣ አየሩ ይውጣ፣ ቀጥሎ ክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቅ ይችላል።

1. የሚሞቀው መቼ ነው?

ቆሞ ወይም በመኪና መጨናነቅ ውስጥ እየሞቀ፣ ሲነዳ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ችግሩ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው አየር ማነስ ነው። ፋኑን፣ ቺንጋውንና በራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ተመልከቱ። በተቃራኒው በፍጥነት ሲነዳ ወይም ዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ ውሃው በደንብ እየዞረ አይደለም፣ ወይም ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ታይሚንጉ (ቤንዚኑ የሚቀጣጠልበት ጊዜ) እና ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ተዛብተዋል። ከተነሳ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላው የሚሞቅ ከሆነ የተዘጋ ቴርሞስታት፣ ውስጥ የታሰረ አየር ወይም የተበላ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

ሞተሩን ካጠፋችሁ በኋላ ቀስቱ ትንሽ ከፍ ቢል ግን አትደንግጡ። የውሃው ዝውውር ቆሞ ብረቱ ሙቀቱን ስለሚለቅበት ነው፤ ጤነኛ መኪናም ያደርገዋል።

2. ጌጁ እውነት እየተናገረ ነው?

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች የኤሌክትሪክ ጌጃቸው የሚሠራው በ10 ቮልት ነው። ከባትሪው የሚመጣውን ወደ 10 ቮልት የሚያወርድላቸው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለች ትንሽ መቆጣጠሪያ ናት። እሷ ስትበላሽ ወይም የምድር ሽቦዋ ሲላላ ጌጁ ያለ ምንም ሙቀት ከፍ ይላል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የነዳጅ ጌጁም አብሮ ከፍ ካለ ሞተሩን ተዉት፣ ኤሌክትሪኩን ፈልጉ።

ለማረጋገጥ ሳይነካ የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተጠቀሙ። የቴርሞስታቱ ቤት ላይ አነጣጥሩ። አንጸባራቂ አሉሚኒየም ግን መሣሪያውን ያታልለዋል፣ ከእውነተኛው በታች ያነባል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉና እሱ ላይ ለኩ። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከሆነ የሞተሩን ሙቀት ትታችሁ ጌጁን ጠግኑ።

3. ውሃውና ክዳኑ

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የውሃውን መጠን እዩ። በየጊዜው የሚጎድል ከሆነ አንድ ቦታ እየሄደ ነው፤ ቱቦዎቹን፣ የማሞቂያውን መጋጠሚያና ከዋተር ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ መርምሩ። ከዚያች ቀዳዳ ውሃ ከወረደ የፓምፑ ማሸጊያ አልቋል።

ክዳኑም ዕቃ ነው፣ ያረጃል። ላይው ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚይዘው ግፊት ነው። 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚይዝ ክዳን ንጹህ ውሃ የሚፈላበትን ከ100 ወደ 111 ዲግሪ ገደማ ያወጣዋል። ላስቲኩ ከደረቀ ይህ ሁሉ ይቀራል። ከተወሰነው በላይ የሚይዝ ክዳን ግን አትግጠሙ፤ ያረጀው ራዲያተርና የማሞቂያው ውስጠኛ ክፍል ግፊቱን ላይችሉት ይችላሉ። ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ቀላቅሉ። የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ፤ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና ውሾች ይቀምሱታል።

4. አየር

ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ገደማ ቢገባ ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ፋን ከተገጠመ ሽቦው ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ ይዞራል፣ ግን በተቃራኒው ይነፋል። አንድ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት አስጠጉ። ፋኑ ከጀርባ የሚስብ ከሆነ ወረቀቱ መለጠፍ አለበት። ከገፋው ሽቦውን አዙሩ።

ከዚያ የራዲያተሩን ዙሪያ እዩ። አየር ሰነፍ ነው፣ ክፍተት ካገኘ በራዲያተሩ ውስጥ አያልፍም። ፋብሪካው በጎንና በላይ የገጠማቸው ላስቲኮችና ቆርቆሮዎች ባለፉት ዓመታት ሲጠገን ወልቀው ቀርተው ይሆናል። ከፍርግርጉ ፊት የተደረደሩ የጉም መብራቶችና የክለብ አርማዎችም አየር ይከለክላሉ። ያምራሉ፣ ግን ለጊዜው አውርዷቸውና ሞክሩ።

5. ቴርሞስታቱ

አውጡት። ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በገመድ አንጠልጥሉት፣ ታቹን ሳይነካ። ቴርሞሜትር ጨምራችሁ አሙቁ። 82 የተጻፈበት በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ወለል ይላል። ካልተከፈተ ወይም በግማሽ ከቆመ ቀይሩት። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ አያስቆጭም።

«አውጥተህ ጣለው» የሚለውን ምክር ግን አልወደውም። እንደ ጃጓር ኤክስኬ ባሉ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውሃ መንገድ የሚዘጋ ቀለበት አለው። እሱ ሲወጣ የሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ ማሞቅ ማለት ነው።

6. ራዲያተሩና የሞተሩ ሆድ

መኪናው ሞቆ ሳለ ሞተሩን አጥፉና የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትሩን በራዲያተሩ ፊት ላይ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱት። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። በድንገት የቀዘቀዘ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቧንቧዎች ተደፍነዋል። የመዳብና የናስ ራዲያተር ከሆነ አትጣሉት፣ ውስጡ በአዲስ ሊተካ ይችላል።

የታችኛው ቱቦ የሚሠራው ጉድ ደግሞ ብዙ መካኒክ አድክሟል። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ከእሱ ነው። በብዙ መኪናዎች ውስጡ እንዳይጨፈለቅ የሚይዘው ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉ ዝጎ ካለቀ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ምንም አይታይም፣ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ቱቦው ይጨፈለቃል። ሞተሩ እንደሞቀ አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥ፤ እናንተ እጃችሁን ከፋኑ አርቃችሁ ቱቦውን እዩ።

የሞተሩን ሆድም አትርሱ። በአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ ዝገት ከመጨረሻው ሲሊንደር ዙሪያ ይተኛል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የብሎኩን ማፍሰሻ ፍቱ። ውሃ ካልወጣ በሽቦ ቆስቁሱት። መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ውሃው። ጥርት እስኪል በውሃ ቱቦ እጠቡት።

7. ታይሚንግና ካርቡራተር

ሁሉም ደህና ሆኖ መኪናው ከሞቀ ምክንያቱ ከውሃው ውጭ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ከዘገየ ቤንዚኑ ሲቃጠል ይቆይና ሙቀቱ በጭስ መውጫው በኩል ወደ ቴስታታው ይገባል። ታይሚንጉን በስትሮብ (ብልጭ ድርግም በሚል የመለኪያ) መብራት ለኩ። የዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) የቫኪዩም ቱቦ ከካርቡራተሩ በኩል ነቅላችሁ በአፍ ሳቡት። ውስጥ ያለው ሳህን መንቀሳቀስና ባለበት መቆየት አለበት። አየር ዝም ብሎ ካለፈ ስስ ሽፋኑ ተቀዷል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ነጭ ከሆኑ ደግሞ ቤንዚኑ አንሷል።

8. ጋርኒሲዮኑ

ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ጋርኒሲዮኑ ተበልቷል ማለት ይቻላል። ማረጋገጫ ፈሳሽ ይሸጣል፤ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሲያዝ የጭስ ጋዝ ካገኘ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታው ከወረደ አይቀር ገጹ ቀጥ ያለ መሆኑን አስለኩ።

ስትጨርሱ

ውሃ ስትሞሉ ማሞቂያው ክፍት ይሁን፣ ከተቻለ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ይበል። እንደ ፊያት ኤክስ1/9 ሞተሩ መሃል፣ ራዲያተሩ ፊት ለፊት በሆነ መኪና ላይ ውሃው በረጅም ቧንቧ ስለሚሄድ አየር በቀላሉ ይታሰራል፣ ማስወጣቱም ትዕግሥት ይጠይቃል። በአየር የሚቀዘቅዝ የድሮ ፖርሽ 911 ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ እሱ ቺንጋውንና የዘይት ማቀዝቀዣውን ይይ።

ከዚያ መኪናውን 20 ደቂቃ ያህል ሚኒሞ ላይ ተዉት፣ ቀጥሎ ፍጥነት ባለበት መንገድ ንዱት። በአንዴ ሁለት ነገር አትቀይሩ፤ የትኛው እንዳዳነው አታውቁትም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱና የውሃውን መጠን ድጋሚ እዩ።