ሻርዶኔን በዓይን፣ በአፍንጫና በምላስ መለየት

በመጠጥ ዝርዝር ላይ «ሻርዶኔ» የሚል ቃል ያነበበ ሰው ስለ ወይኑ ጣዕም የተነገረው ይመስለዋል፤ የተነገረው ግን ነጭ ወይን የሚጠመቅበት የወይን ፍሬ ስም ብቻ ነው። በላሊበላ በሆቴል መስተንግዶ በሠራሁባቸው ዓመታት ሻርዶኔ ከሚያዝዙ እንግዶች መካከል አንዱ ሎሚና አረንጓዴ ፖም የሚሸት፣ ምራቅ የሚያስመጣ ቀጭን ወይን ሲጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ ቅቤና ቫኒላ የሚሸት፣ አፍ የሚሞላ ወይን ይጠብቅ ነበር። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጠርሙስ የሚከፍት አስተናጋጅ አንዳቸውን ማስከፋቱ አይቀርም።

የላስታን ነጭ ማር ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ቀፎ የተቆረጠ ማር በውኃ ተበጥብጦ ቶሎ ከተጠጣ ብርዝ ይባላል፤ ጌሾ ገብቶበት ለሳምንታት ሲቆይ ጠጅ ይሆናል። ሻርዶኔም የራሱ ብርቱ ሽታ የሌለው ፍሬ በመሆኑ የበቀለበትን አየርና የጠማቂውን እጅ ከሌሎች ነጭ ወይኖች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ ጠርሙሱን ስናነሣ መጠየቅ ያለብን ሁለት ነገር ነው፤ የት በቀለ? ከተጨመቀ በኋላስ ምን ተደረገበት?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመረዳት ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይበቃል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ሰው ካፖርቱን ያወልቃል። የወይን ፍሬም በብርድ አገር ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆያል፤ ሽታው ወደ ሎሚና ፖም ያደላል፣ የአልኮል መጠኑም 12 ወይም 12.5 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አየሩ መካከለኛ ሲሆን ኮክ ይሸታል። በሞቃት አገር ደግሞ ስኳሩ ስለሚበዛ አልኮሉ እስከ 14 በመቶ ይደርሳል፣ ሽታውም አናናስና የመርሳን የበሰለ ማንጎ ያስታውሳል። ከፍታ ግን ሙቀትን ያበርዳልና በካርታ ላይ ለምድር ወገብ የቀረበ ሁሉ ሞቃት ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ሪፍት ቫሊ በሚል ስም የሚሸጠው የአገራችን ሻርዶኔ ወይኑ የሚለማበት የዝዋይ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

የብርዱ ወገን ምሳሌ በፈረንሳይ የቡርጎኝ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የሚገኘው ሻብሊ ነው። አፈሩ ኦይስተር የሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ጥቃቅን ቅሪተ አካል የሞላበት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ወይኑን የሚወዱ ሰዎች በዝናብ የራሰ ድንጋይ ይሸታል ይላሉ። ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ፔቲ ሻብሊ፣ ሻብሊ፣ ፕሪሚዬ ክሩ እና ግራን ክሩ ናቸው፤ የታችኞቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የእንጨት በርሜል ሳይነካቸው በብረት ጋን ይጠመቃሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰፋ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በወይን ፍሬ ውስጥ ያለው ኮምጣጣነት በከፊል የፖም ዓይነት ነው፤ ጠማቂው ከፈቀደ ባክቴሪያዎች ይህንን ወደ ለስላሳው የእርጎ ኮምጣጣነት ይለውጡታል፣ በዚሁ ሂደት የቅቤ ሽታ ያለው ንጥረ ነገርም ይፈጠራል። እንግዶች «ቅቤ ቅቤ ይላል» የሚሉት ሽታ ከዚህ የመጣ እንጂ ከበርሜሉ አይደለም። የበርሜሉ ሥራ ሌላ ነው። እኛ የጠላ ጋን በወይራ እንደምናጥን ሁሉ ኦክ ከሚባል ዛፍ እንጨት የሚበጀው በርሜልም ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል፤ በተለይ አዲስ ሲሆን የቫኒላ፣ የተጠበሰ ዳቦና የጭስ ሽታ ለወይኑ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ያገለገለ በርሜል ሽታ አይሰጥም፤ ጥቂት አየር እያስገባ ወይኑን ያለሰልሰዋል እንጂ። በቡርጎኝ የተለመደው በርሜል 228 ሊትር ይይዛል። በተጨማሪም ወይኑ ከእርሾው አምቡላ ሳይለይ እየተማሰለ ሲቆይ ወፈር ይላል። በዚያው በቡርጎኝ የሚገኙት የሜርሶና የፑሊኚ ሞንራሼ መንደሮች ወይኖች ዝና ያተረፉት በዚህ ዓይነት አጠማመቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ የወይኖቹ ስም ተሸፍኖ በተደረገ የስውር ቅምሻ የካሊፎርኒያው ሻቶ ሞንቴሌና የ1973 ሻርዶኔ የቡርጎኝን ነጮች ቀድሞ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በካሊፎርኒያና በአውስትራሊያ እንጨቱና ቅቤው የበዛበት ወይን ገበያውን ሞላው፤ በእኔ እምነት ጌሾ የበዛበት ጠጅ እንደመጠጣት ነበር። ጠጪው ሲሰለች «አንኦክድ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ጠርሙሶች መጡ፤ ትርጉሙም እንጨት ያልነካው ማለት ነው። «ባረል ፈርመንትድ» የሚል ከሆነ በበርሜል ውስጥ የፈላ ነው። የቡርጎኝ ጠርሙሶች ግን ብዙውን ጊዜ የፍሬውን ስም ሳይሆን የአካባቢውን ስም ብቻ ስለሚጽፉ «ሻብሊ» ወይም «ፑዪ ፉይሴ» የሚለውን ያነበበ ሰው ሻርዶኔ መያዙን ይወቅ። «ብላን ደ ብላን» የሚል ሻምፓኝም ከነጭ ወይን ፍሬ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሻርዶኔ የተሠራ ነው።

የጠርሙሱ ጽሑፍ ከተነበበ በኋላ ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል አድርጎ ማየት ነው። ፈዘዝ ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ እንጨት ያልነካው ወጣት ወይን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ወርቃማ ከሆነ በርሜል ወይም ዕድሜ አለበት። ርካሽና ወጣት የሆነው ወርቃማ ሆኖ ከተገኘ ግን በመስኮት አጠገብ ፀሐይ መትቶት ተበላሽቶ እንደሆነ ይጠርጠሩ። ከዚያ ብርጭቆውን አሽከርክሮ ማሽተት ነው፤ መጀመሪያ ፍሬውን፣ ቀጥሎ ቅቤውን፣ በመጨረሻ እንጨቱን ይፈልጉ። አብሮኝ የሚሠራ የደሴ ልጅ ሙስሊም በመሆኑ አንድም ቀን ወይን ቀምሶ አያውቅም፤ ሆኖም በማሽተት ብቻ ሁለቱን ዓይነቶች ከእኔ በተሻለ ይለይ ነበር። የሚቀምስ ሰው ከዋጠ በኋላ ምራቁን ያስተውል፤ ከምላሱ ጎንና ጎን በብዛት ከመጣ ወይኑ ኮምጣጣነቱን የጠበቀ ነው። የፍሬ ሽታን ከስኳር ጋር ማምታታት ግን አያስፈልግም፤ ማንጎ የሚሸት ሻርዶኔ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ድራይ፣ ማለትም ስኳር የሌለው ነው።

በአንድ የገና ሰሞን በምሠራበት ሆቴል በርሜል የገባበትን ጥሩ ሻርዶኔ ከበረዶ ማቀዝቀዣ አውጥቼ ቀዳሁ። እንግዳው ቀምሶ «ይህ ውኃ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጠርሙሱን ባንኮኒ ላይ ለግማሽ ሰዓት ትቼው መልሼ ስቀዳለት ሌላ ወይን ያመጣሁለት መሰለው። እንጨት ያልነካው ከ8 እስከ 10፣ በርሜል የገባበት 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሊቀርብ ይገባል።

ከምግብ ጋር ሲሆን፣ ሎሚ ለተጨመቀበት የሐይቅ ዓሣ ጥብስ ቀጭኑን፣ በክሬም ለተሠራ ዶሮ ወፍራሙን መምረጥ ይሻላል። በርበሬ ለበዛበት ወጥ ግን ባለ በርሜሉን አልመክርም፤ አልኮሉና የእንጨቱ ምረት ማቃጠሉን ያባብሱታል።

የተከፈተ ጠርሙስ ቡሹ ተመልሶለት ቆሞ በፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፎ አንገቱ ላይ መለጠፍ ለተረኛው አስተናጋጅ ይጠቅማል።