ኮምፓይለሩን ሳይለዩ ላይብረሪውን ማውረድ፦ በደብልዩኤክስ ዊጄትስ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደብልዩኤክስ ዊጄትስ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ ላይብረሪ (ፕሮግራም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ነው። በአንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ የሚከፈት ባለ መስኮትና ባለ አዝራር ፕሮግራም ያሠራል። ችግር ይዘው ከሚመጡልኝ ጀማሪዎች አብዛኞቹ ግን መስኮቱ ጋ አልደረሱም፤ ገና ላይብረሪውን ኮምፓይል ሲያደርጉ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያሠራው ፋይል ሲለውጡ፣ ተሰናክለዋል። የምጽፈው በዋናነት ዊንዶውስ ላይ ለሚሠሩት ነው።

ትዕግሥቴን የጨረሰው ስህተት ላይብረሪውን በአንድ ኮምፓይለር፣ ፕሮግራሙን በሌላ መሥራት ነው። ዝግጁ ላይብረሪ ይወርዳል፤ በምን እንደተሠራ የሚያይ የለም። ከዚያ ኮድ መጻፊያው ኮድ ብሎክስ ይከፈታል፣ በሚንጂደብልዩ (ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የዊንዶውስ ቅጂ) ኮምፓይል ይደረጋል፣ ሊንከሩም (ኮዱንና ላይብረሪውን የሚያያይዘው ፕሮግራም) «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» (ስሙ አልተገኘም) እያለ ገጽ በገጽ ይደረድራል። ተማሪው ወደ ኮዱ ተመልሶ ምንም ያላጠፋውን ፈንክሽን ይነካካል። ተው! ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ፈንክሽን ኮዱ ላይ በተጻፈው ስሙ አይቀርም፤ ኮምፓይለሩ የሚቀበላቸውን የዳታ ዓይነቶች ጨምሮ ውስጣዊ ስም ያወጣለታል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር የሚያወጣው ስም በጥያቄ ምልክት ይጀምራል፤ የጂሲሲው በታች ሰረዝና በዜድ። ስለዚህ ፋይሉ በቦታው ተቀምጦ ሳለ ሊንከሩ የሚፈልገው ስም በውስጡ የለም። ስሞቹ ቢገጥሙ እንኳ ክላሶች በሜሞሪ ላይ የሚቀመጡበት መንገድ ይለያያል።

ልምምድ ላይ የነበረ አንድ ወጣት የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሲሠራ ለቪዥዋል ስቱዲዮ የተዘጋጀ ላይብረሪ አውርዶ ነበር። አልገናኝ ሲለው የፋይሎቹን ቅጥያ ከ«ሊብ» ወደ «ኤ» ቀየረው፤ ሚንጂደብልዩ የሚፈልገው «ኤ» ነው ብሎ። ድፍረቱን ወድጄለታለሁ፤ ነገር ግን ዘይት የቅቤ ቆርቆሮ ውስጥ ስለገባ ቅቤ አይሆንም። ላይብረሪውን በራሱ ሚንጂደብልዩ እንደገና ሲሠራው ከኮዱ አንድ መስመር እንኳ መቀየር አላስፈለገውም።

«ሁለቱም ጂሲሲ ናቸው» የሚለው መልስም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጂሲሲ 5 የመደበኛውን ስትሪንግ (የጽሑፍ ዳታ ዓይነት) ውስጣዊ አሠራር ለውጧል። ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበት ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ 5.11 ደግሞ ይዞ የሚመጣው ጂሲሲ 4.9.2 ነው። በእርሱ እየሠራችሁ ለአዲስ ጂሲሲ የተዘጋጀ ላይብረሪ ብታወርዱ ያው የስህተት መዓት ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ የኮምፓይለራችሁን ስምና ቁጥር እዩ፤ ላይብረሪውን የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2015 እስከ 2022 ያሉት እርስ በርሳቸው ይግባባሉ፤ የመጨረሻውን ማያያዝ የሚሠራው ከመካከላቸው አዲሱ እስከሆነ ድረስ።

የ32 ቢትን ከ64 ቢት ጋር አትቀላቅሉ። ዲበግ (ለስህተት ፍለጋ) እና ሪሊዝ (ለተጠቃሚ) የሚባሉትን ግንባታዎችም እንዲሁ፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ «ኤልኤንኬ 2038» ካላችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

«ሴትአፕ ነጥብ ኤች አልተገኘም» የሚለው መልእክት ሲመጣ ፋይሉን ከሌላ ፎልደር ፈልጎ የደብልዩኤክስ ራስጌ ፋይሎች ያሉበት ቦታ መገልበጥ የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። መልእክቱ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ይቆያል። ይህ ፋይል ላይብረሪው የትኞቹን ክፍሎች ይዞ እንደተሠራ የሚናገር ሲሆን፣ ትክክለኛው ቅጂ ግንባታው ራሱ «ሊብ» ሥር በሚፈጥረው «ኤምኤስደብልዩዩ» ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ለዲበግ ከሆነ የፎልደሩ ስም መጨረሻ ላይ «ዲ» ይጨመራል። ያንን ፎልደር ለኮምፓይለሩ ማሳየት ብቻ ይበቃል። የተገለበጠው ቅጂ ላይብረሪው የሌለውን ክፍል «አለ» ብሎ ቢናገር ግን ምክንያቱን ስትፈልጉ ትመሻላችሁ።

የዊንዶውስ ስማችሁን በአማርኛ ፊደል ያወጣችሁ ሰዎች፣ ደስ ይላል፤ ሥራችሁን ግን በስማችሁ ፎልደር ውስጥ አታድርጉት። ከአሮጌ መሣሪያዎች ውስጥ የግዕዝ ፊደልም ሆነ ክፍት ቦታ ያለበትን አድራሻ በትክክል የማያነቡ አሉ። ከሲ ድራይቭ ሥር አጭር የላቲን ስም ያለው ፎልደር ክፈቱ።

ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ቢሮ ውስጥ አምስት ሰዎች ቪዥዋል ስቱዲዮን አምስት ጊዜ ሲያወርዱ ማየት ያናድዳል። ጫኙ ፕሮግራም «ሌይአውት» በሚባል ትእዛዝ ፋይሎቹን ዲስክ ላይ ያዘጋጃል፤ አንድ ሰው ያወርዳል፣ ሌላው ከዲስኩ ይጭናል። ኮምፓይለሩን ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ቢልድ ቱልስ የሚባለው ለብቻው አለ።

ኮምፓይል ማድረግ የግድ ያልሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። ኤምሲስ2ን (ለዊንዶውስ የተዘጋጀ የኮምፓይለርና የላይብረሪዎች ስብስብ) ለጫነ ሰው ላይብረሪው ፓክማን በሚባለው የስብስቡ ፓኬጅ ጫኝ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ከኮምፓይለሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣም ያ የመጀመሪያው ጣጣ አይነሳም። እዚያ ጥንቃቄ የሚሻው የሚከፈተው መስኮት ነው፤ «ዩሲአርቲ64» የሚለውን ክፈቱ እንጂ «ኤምሲስ» የሚለውን አይደለም።

ራሳችሁ ብትሠሩት የሚያዋጣችሁ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዛችሁ ኔትወርክ ወደሌለው ኮምፒውተር ስትሄዱ ነው። ያኔ ላይብረሪውን ስታቲክ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ውስጥ የሚካተት፣ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ፋይሉ ቢተልቅም ዲኤልኤል (ለብቻው የሚቀመጥ የላይብረሪ ፋይል) ተከትሎት አይሄድም። የደብልዩኤክስ ፈቃድ ኮዳችሁን የማሳየት ግዴታ ሳይጥል ይህን ይፈቅዳል፤ ተመሳሳይ ላይብረሪ የሆነውን ኪውትን በኤልጂፒኤል ፈቃድ ለሚጠቀም ግን ስታቲክ ማድረግ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ሚንጂደብልዩ ላይ የራሱ የጂሲሲ ዲኤልኤሎችም እንዲገቡ ለሊንከሩ «ስታቲክ» የሚለውን አማራጭ ስጡት። ሙከራችሁንም የፕሮግራም መሥሪያ አንዳችም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አድርጉ፤ የእናንተው ኮምፒውተር የጎደለውን ዲኤልኤል ከሌላ ቦታ አግኝቶ ሊሸፍንላችሁ ይችላል።

ሊኑክስ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ስሙ በ«ዴቭ» የሚያልቀውን የጂቲኬ 3 (ሊኑክስ ላይ መስኮቶቹን የሚያሳየው ላይብረሪ) ፓኬጅ ሳትጭኑ ግንባታውን የሚያዘጋጀውን «ኮንፊገር»ን አትጥሩ፤ ግንባታውንም በተለየ ፎልደር ውስጥ ጀምሩ። የኮምፓይለር አማራጮችን ከሌላ ሰው ከመገልበጥም «ደብልዩኤክስ ኮንፊግ» የሚባለውን ትእዛዝ ጠይቁት፤ ላይብረሪው በምን አማራጭ እንደተሠራ ስለሚያውቅ የሚሰጣችሁ መልስ ከእርሱ ጋር ይገጥማል።