ሀዋሳ ላይ ፎቅ ልትሠሩ ነው? ከመስታወቱ በፊት አፈሩን እዩ

ከፒያሳ ተነስታችሁ እስከ አቶቴ ብትሄዱ አጣና ያልቆመበት መንገድ ማግኘት ይቸግራል። በ2008 ዓ.ም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በ2012 ደግሞ ከተማዋ የአዲሱ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች። ቤት ፈላጊው በዛ። ድሮ ሰርቪስ ክፍል ያከራዩ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ ግቢያቸውን አፍርሰው ጂ+4 ያቆማሉ። ደስ ይላል፤ የእኔም እንጀራ ከዚሁ ነው። በፌራዮነት፣ ማለትም የአርማታ ብረት በማጠፍና በማሰር ጀምሬ አሁን ፎርማን ነኝ። ይህን የምጽፈው ግን ለባለሙያ አይደለም። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን፣ ወይም ውጭ ያለ ልጁ የላከለትን ገንዘብ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቅ ለሚያሠራ ሰው ነው።

ብዙ ባለቤት ሳይት ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሳው የፊት ለፊቱን መስታወት ነው። ቀለሙ፣ ሴራሚኩ፣ የደረጃው እብነ በረድ። እነዚህ ሁሉ ከአሥር ዓመት በኋላም ይቀየራሉ። መሠረቱና ኮለኑ (ምሰሶው) ግን አንዴ አርማታ ከተሞላባቸው አይከፈቱም። ስለዚህ ገንዘባችሁንም ዓይናችሁንም መጀመሪያ ተቀብሮ በሚቀረው ላይ አውሉ።

ከአፈሩ ጀምሩ። ሀዋሳ የተቀመጠችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ከእግራችን ሥር ያለው በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ፣ ሐይቁ ደግሞ ያስቀመጠው ደለልና አሸዋ ነው። ፑሚስን ታውቁታላችሁ፤ ያ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ ነው። ታቦር ተራራ ሥር ስትቆፍሩ የምታገኙትና ሐይቅ ዳር ወደ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ስትቆፍሩ የምታገኙት አንድ አይደለም። በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ይለያያል። «ጎረቤቴ ሁለት ሜትር ቆፍሮ ነው የሠራው፣ ምንም አልሆነም» የሚለውን ወሬ ለቡና ሰዓት ተዉት።

የአፈር ምርመራው ፕላኑ ከመሠራቱ በፊት ይደረግ። ማሽኑ ቆሞ ሲቆፈር ራሳችሁ ተገኙ፤ ካልቻላችሁ የምታምኑትን ሰው ላኩ። መሬት ሳይነካ የሌላ ሳይት ሪፖርት ገልብጦ ስም ቀይሮ የሚያመጣ ሰው አጋጥሞኛል። ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ይቆፈር። በየጥልቀቱ ናሙና ይወጣል፣ የብረት ቱቦው በመዶሻ እየተመታ ወደ ታች ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ሪፖርቱ ሲመጣ ሁሉንም ገጽ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። መሬቱ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ውኃ ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ፣ ምን ዓይነት መሠረት በስንት ጥልቀት እንደሚመከር ፈልጉ። እነዚህ ከሌሉበት ሥራው አላለቀም።

የውኃውን ነገር አደራ። ሀዋሳ ሐይቅ የሚፈስ ወንዝ አይወጣውም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስደው ወንዝ ግን የለም። ዝናቡ ሲበዛ ሐይቁ ከፍ ይላል፣ ዳር ዳሩን ያለው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮት ይወጣል። ምርመራው በበጋ ከተሠራ «በክረምት ውኃው የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐይቅ ዳር ቤዝመንት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። ሲቆፈር ውኃ በፓምፕ ይሳባል። ውኃው ሲሳብ ከጎረቤት ሥር ደቃቁን አሸዋ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ያኔ የእናንተ ጉድጓድ የእማማን አጥር ይሰነጥቃል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤትን ግድግዳ ከነስንጥቁ ፎቶ አንሱ፣ ባለቤቱም ይየው። ብዙ ጠብ በዚህ ይቀራል።

አፈሩ ለስላሳ ከሆነ መሐንዲሱ ለየኮለኑ ለየብቻው መሠረት ከመስጠት ይልቅ ሕንፃውን በሙሉ አንድ ወፍራም የአርማታ ወለል ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ማት የሚባለው ነው። ብረት ይበላል፣ ሲሚንቶም ይበላል። ባለቤቶች እዚህ ላይ ይከራከራሉ፣ «ሌላ መሐንዲስ በርካሽ ይሠራልኛል» ይላሉ። መከራከር ትችላላችሁ፤ ክርክሩ ግን የአፈሩን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ይሁን።

የምንኖረው ምድሩ በሚነቃነቅበት ቦታ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም ሀዋሳ ተንቀጥቅጣለች። መጠኑ ትልቅ የሚባል አልነበረም፤ ድንጋጤው ግን ትልቅ ነበር። በ2017 ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲደጋገም ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ የስትራክቸር መሐንዲሱን ፊት ለፊት ጠይቁት፦ «ሕንፃውን ለመሬት መንቀጥቀጥ አስልተኸዋል ወይ? ምድር ቤቱንስ?» ምድር ቤቱን የምለው በምክንያት ነው። ለሱቅ ተብሎ ቁመቱ ይረዝማል፣ ግድግዳው ይነሳና መስታወት ይገባል። ከላይ ያሉት ፎቆች ግን በብሎኬት ታጭቀዋል። ሲነቃነቅ ጫናው ሁሉ ታች ባሉት ቀጫጭን ኮለኖች ላይ ይወድቃል። መፍትሔው በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ኮለን ማወፈር ወይም የአርማታ ግድግዳ መጨመር። ካለቀ በኋላ ግን ከባድ ነው።

ፎቅ የመጨመር ፈተናም አለ። በጂ+2 ፕላን ተጀምሮ፣ ኪራዩ ሲያጓጓ «ሁለት እንጨምር» ይባላል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ሲመድብ፣ ቁመቱ ከ12 ሜትር ያለፈውን ሐ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ሁለት ፎቅ ስትጨምሩ ምድቡን ልታልፉ ትችላላችሁ፤ ኮለኑና መሠረቱ ግን ያው የድሮው ነው። ወደፊት የመጨመር ሐሳብ ካላችሁ ዛሬ ለመሐንዲሱ ንገሩት፣ መሠረቱ ለዚያ ይሰላ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ፣ ወደ ብረት። ብረት ሲራገፍ ሚዛን ይኑራችሁ። አንድ ሙሉ ቤርጋ (የብረት ዘንግ) 12 ሜትር ነው። ባለ 8፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቤርጋ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 12 ወደ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 16 ደግሞ 19 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው። ባለ 12 ተብሎ የመጣው 9 ኪሎ ከመዘነ ግን ቀጭን ነው፤ አትቀበሉት። ዓይን ይህን አይለይም፣ ሚዛን ይለያል።

ኮለን ከመሞላቱ በፊት ፎርሙ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ሳይዘጋ ሂዱ። ሜትር ያዙ። ፕላኑ ላይ ያለውን የቋሚ ብረት ቁጥር እዚያ ከቆመው ጋር ቁጠሩ። ቀጥሎ ስታፋውን እዩ። ስታፋ ቋሚዎቹን ብረቶች አቅፎ የሚይዘው ቀለበት ነው። ወደ ኮለኑ እግርና ወደ አናቱ ሲጠጋ ይቀራረባል፣ መሃሉ ላይ ይራራቃል። ጫፎቹ ወደ ኮለኑ ውስጥ መታጠፍ አለባቸው። ፌራዮው ቸኩሎ ጫፉን በ90 ዲግሪ ብቻ አጥፎ ከተወው፣ መሬት ሲነቃነቅ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ቋሚው ብረትም ወደ ውጭ ይጎብጣል። እኔ ስታፋ ሳጥፍ ለአንድ ቀለበት ያችን ተጨማሪ እጥፍ ማድረግ ስንት ጉልበት እንደምትበላ አውቃለሁ። በቀን መቶዎችን ስታጥፍ ክንድህ ይዝላል። ለዚህ ነው ፌራዮውን በችኮላ አታጣድፉት የምለው። ብረቱ ከፎርሙ ጋር እንዳይጣበቅም ተመልከቱ። በመሃል ሁለት ከግማሽ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር አርማታ የሚገባበት ክፍተት ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ብረቱ ይዝጋል።

አርማታ ላይ አሸዋው ቀዳሚ ነው። ግልጽ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ ሙሉ፣ ውኃ ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቁና አስቀምጡት። ጭቃው ከላይ ይቀመጣል። እኛ አገር የተለመደው ጣሪያ 6 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ታጥቦ ይግባ ወይም ይመለስ። ለአንድ ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር የተለመደ መጠን ነው። ከመሐንዲሱ የተሰጠ ሌላ መጠን ካለ እሱን ተከተሉ። በአካፋ ግምት መሥራት ግን አይፈቀድ። ውኃውም ይለካ። ሠራተኛው ውኃ የሚጨምረው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አርማታው ቀጥኖ ሲፈስለት ስለሚቀለው ነው። በጨመረው ልክ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ቫይብሬተር (አርማታውን የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) ካለ ወፍራሙም አርማታ በደንብ ይገባል። በየሙሌቱ ኪዩብ (ለሙከራ የሚሆን የአርማታ ናሙና) ይወሰድ፣ በ7 እና በ28 ቀን ይጨመቅ። ውጤቱን በወረቀት ተቀበሉ።

የሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል አርማታ የሚሞላበት ቀን ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቆም ነው የሚሄደው። ሠራተኛው ቁርስና ምሳ በልቶ ይዋል። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። ሄልሜት፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ ስጧቸው፤ ስካፎልዲንጉ (መወጣጫው) የበሰበሰ አጣና እንዳይኖረው ፎርማኑን ተቆጣጠሩት። ከፎቅ የወደቀ ልጅ አይቻለሁ። ይህንን ከብረቱም ከአርማታውም አስቀድሜ አስባለሁ።

ከሙሌቱ በኋላ ያለው ሳምንት ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ነው። የሀዋሳ ፀሐይና ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አርማታውን ቶሎ ያደርቀዋል። አርማታ ግን የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው። ወለሉን በአሸዋ ገድባችሁ ውኃ አቁሩበት፣ ኮለኑን በጆንያ ጠቅልላችሁ አርጥቡት። ቢያንስ 7 ቀን፣ ከቻላችሁ 14። ለዚህ አንድ ሰው መድቡና ደመወዙን ክፈሉት፤ ጥበቃው «ሲመቸኝ አጠጣለሁ» ካላችሁ አይሆንም። ደጋፊውን አጣና ለሌላ ሥራ ፈልገው ቶሎ ሊነቅሉት ይመጣሉ። መሐንዲሱ ፈርሞ ካልፈቀደ አይነቀል።

ፎርሙ ሲፈታ ደግሞ በዚያው ቀን ተገኙ። ጠጠሩ ወጥቶ የሚታይበት፣ ባዶ ቀዳዳ ያለው ኮለን ካያችሁ ልስን ሳይሸፍነው መሐንዲሱን ጥሩ። ጠዋት እንዲህ አይታችሁ ከሰዓት በኋላ ተለስኖ ካገኛችሁት ልስኑን አስነሱት።

ለሕንፃው አንድ ፋይል ይኑረው። የአፈር ሪፖርት፣ የጸደቀው ፕላን፣ በሥራው መሃል የተቀየረው ሁሉ፣ የኪዩብ ውጤቶች፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንዳለፈ። የእያንዳንዱን ኮለን ብረት ፎርሙ ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ አንሱ፤ የኮለኑን ቁጥርና ቀኑን በካርቶን ጽፋችሁ ከጎኑ ያዙት። ነገ ሕንፃውን ለመሸጥ፣ ለባንክ ለማስያዝ ወይም ፎቅ ለመጨመር ስትነሱ የሚመጣው መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው። አንዱን ቅጂ ከሕንፃው ውጭ፣ ሌላ ቤት አስቀምጡ።