አረጋውያንና አንቲባዮቲክ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

መድኃኒት የተላመዱ፣ ማለትም አንቲባዮቲክ የማይገድላቸው፣ ባክቴሪያዎች ሲነሱ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ሕፃናትን ነው። ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2021 ድረስ በዚህ ችግር የሚሞቱ ከ5 ዓመት በታች ልጆች ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። 70 ዓመት ባለፋቸው ላይ ግን ሞቱ ከ80 በመቶ በላይ ጨምሯል።

የመጀመሪያው ስህተት «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ማለት ነው። የሚላመደው ባክቴሪያው ነው እንጂ ሰውነት አይደለም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ እምብዛም የማይወስዱ አዛውንትም ከሆስፒታል ወይም ከአስታማሚ እጅ የተላመደ ባክቴሪያ ሊይዛቸው ይችላል።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የባሰው፣ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ ማከም ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ በሴቶች ላይ፣ ምንም ሕመም ሳይኖር ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ለረጅም ጊዜ የገባላቸው ሰዎች ጋርማ የሚጠበቅ ነው። ካላቃጠላቸው፣ ካላተኮሳቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ መተው ይሻላል። ግን እንዲህ ይሆናል፦ እናት ትንሽ ግራ ይጋባሉ፣ ሽንት ይመረመራል፣ ባክቴሪያ ይገኛል፣ ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ይታዘዛል። ግራ የመጋባታቸው መነሻ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ የእንቅልፍ ኪኒን ሊሆን ይችላል፤ ማንም አልጠየቀም። መድኃኒቱ በበኩሉ አንጀት ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ጠርጎ ለጠንካሮቹ ቦታ ይለቃል። እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ ያው ሲፕሮ ላይሠራ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ቸል ይባል ማለት አይደለም። «ትኩሳት የላቸውም» ብሎ መዘናጋትም ስህተት ነው። በእርጅና የመከላከል አቅም ስለሚዳከም የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ምግብ መተው፣ ድንገት መውደቅ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

ከልጅ የተረፈ ኪኒን ለአያት መስጠትስ? በፍጹም። ኩላሊት ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ሲፕሮ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ጅማት የመበጠስ አደጋው ከፍ ይላል። ዋርፋሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት) ለሚወስዱ ደግሞ በርካታ አንቲባዮቲኮች የመድማት አደጋ ይጨምራሉ።

ክትባትን የልጆች ጉዳይ አድርጎ መተውም አለ። ኢንፍሉዌንዛ በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ ግን ተከትሎት የባክቴሪያ ሳንባ ምች ሊመጣ ይችላል። የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባት ይህን ይቀንሳሉ። በቀጣዩ ቀጠሮ ስለ ሁለቱም ይጠይቁ።